«እንቁላል ይይዛሉ አልኩሽ እንጂ ያድጋሉ መቼ አልኩሽ?»

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው። ካደረ «ተይው ባክሽ» ብዬ እንደምተወው ራሴን አውቃለሁ።

«ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚራባ ሽሪምፕ»፣ ማለትም በመስታወት ገንዳ የሚያዝ ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ የሚሸጥላችሁን ሰው ታውቁታላችሁ። ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱ «ችግር የለም» የሚለውን። ስለ ውሃችሁ አንድ ነገር ሳይጠይቅ መረቡን ገንዳው ውስጥ የሚከተውን። ስትመለሱ ጥፋቱ ሁሌ የእናንተ ነው። መፍትሄው ደግሞ ሁሌ መደርደሪያው ላይ ያለ አንድ ጠርሙስ ነው።

እኔ የፈለግኩት ቼሪ ሽሪምፕ ነበር፣ ቀዩን። እሱ ለጀማሪ ይሆናል። እናቲቱ ከ20 እስከ 30 የሚሆን እንቁላል ሆዷ ስር ትይዛለች። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ የሚወጣው ልጅ ቁርጥ እናቱን ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚያንሰው። እዚያው ገንዳ ውስጥ ያድጋል።

«ቀዩ አልቋል፣ ግን እነዚህ ይሻሉሻል» አለኝ። ሰውነታቸው ብርሃን ያሳልፋል፣ ጎናቸው ላይ ነጠብጣብና ሰረዝ አለ። ሁለቱ ሆዳቸው ስር እንቁላል ታቅፈዋል። በጣቱ እያሳየኝ «ይኸው፣ እያየሽ! ቤትሽ ገብተው ይፈለፍሉልሻል። ከዓመት በኋላ አንቺ ነሽ ለእኔ የምትሸጪልኝ» አለ። ይቺን የመጨረሻዋን አባባል ያዙልኝ።

12 ገዛሁ።

ዝግጅት አልጎደለኝም። ገንዳውን ስድስት ሳምንት ያለ ሽሪምፕ አስኬጄዋለሁ። ውሃው ውስጥ ያሉት መርዞች፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም፣ ዜሮ እስኪሆኑ ጠብቄያለሁ። ስፖንጅ ፊልተር (ውሃውን በስፖንጅ የሚያጣራ) አለኝ። ከሱቅ የመጡበትን ውሃ ከቤቴ ውሃ ጋር ጠብታ በጠብታ ነው ያላመድኩት። ስለ ውሃ ያላነበብኩት የለም። የገዛሁትን እንስሳ ስም ግን አልጠየቅኩም። ሽሪምፕ አለኝ፣ ሽሪምፕ ነው ብዬ ወሰድኩ። ይህ ነው አሁን ድረስ የሚያንገበግበኝ።

አንድ ጠዋት ባትሪ ሳበራ ውሃው ውስጥ አቧራ የመሰለ ነገር ወደ ብርሃኑ ተሰበሰበ። ጠጋ ብዬ ሳየው ይንቀሳቀሳል። ጭንቅላታቸውን ቁልቁል አድርገው የሚንሳፈፉ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞሉ መቶዎች። አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በአምስተኛው ቀን አንድም አልቀረም።

ሄድኩና ነገርኩት። «ምግብ አጥሯቸው ነው» ብሎ ዱቄት ሸጠልኝ። እናቶቹ እንደገና እንቁላል ያዙ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተፈለፈሉ፣ እንደገና አለቁ። «ውሃሽ ቆሽሾ ነው፣ በየሁለት ቀኑ ግማሹን ቀይሪ» አለኝና ጠርሙስ ጨመረልኝ። ቀየርኩ። ሁለት እናቶች ቅርፊታቸውን መጣል አቅቷቸው፣ አንገታቸው ላይ ነጭ ቀለበት እንደያዙ ሞቱ። የውሃ ድንገተኛ ለውጥ ያለጊዜያቸው ቅርፊት እንደሚያስጥላቸው ያነበብኩት እነሱን ካጣሁ በኋላ ነው። በሦስተኛው ዙር የተፈለፈሉት ደግሞ ትናንት አለቁ።

ዛሬ ስገባ አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ያንኑ ገንዳ ያያል። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ሻጩ በጣቱ እንቁላሉን እያሳየው «ከዓመት በኋላ አንተ ነህ ለእኔ የምትሸጥልኝ» ሲለው ሰማሁ። ቃል በቃል። ድምፁ ሳይቀር ያው ነው። ልጁ ፊቱ በራ። እናቱ ከፈለች። እኔ ደርቄ ቆሜ ቀረሁ።

ሲወጡ ጠጋ አልኩት።

«ወንድሜ፣ የእነዚህ ሽሪምፖች ስማቸው ማነው?»

«አማኖ» አለ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«ልጆቻቸው ቤት ውስጥ ያድጋሉ?»

«የባህር ውሃ ይፈልጋሉ።»

ስንት ሰዓት ነው ብዬ የጠየቅኩት ይመስል፣ እንዲሁ ነው የመለሰልኝ። ያውቅ ነበር። ዱቄቱን ሲሸጥልኝ ያውቃል፣ ጠርሙሱን ሲሸጥልኝ ያውቃል፣ ሁለቱ ሞቱብኝ ብዬ ስነግረው ያውቃል።

«ታዲያ ይራባሉ ያልከኝ ለምንድነው?»

አሁን ቀና አለ። «እህቴ፣ እንቁላል ይይዛሉ ነው ያልኩሽ። ያድጋሉ መቼ አልኩሽ?» ረዳቱ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሻጩ ግን አልጨረሰም። ከኋላው ካለው መደርደሪያ አንድ ባልዲ ሳብ አደረገ። «የባህር ጨው አለ። ልስጥሽ?»

ምንም አልመለስኩም። ወጣሁ። ውጭ ስደርስ ያንን ልጅ በዓይኔ ፈለግኩት፣ ሄዷል። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። እናቱ ገንዘቧን ሳትከፍል «ቆይ!» ማለት ነበረብኝ። ከገንዘቡም ከአምስቱ ወርም ይልቅ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ልጁ እኔ እንዳደረግኩት ባትሪ አብርቶ ያያቸዋል፣ ከዚያ ሲያልቁ ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል።

ሽሪምፖቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ካሪዲና ሙልቲደንታታ ነው ሳይንሳዊ ስማቸው። ገንዳ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ በመብላት የሚያህላቸው ጥቂት ነው፤ ጃፓናዊው የውሃ ገንዳ አስዋቢ ታካሺ አማኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስተዋወቃቸውም ለዚሁ ነው። ተፈጥሯቸው ግን እንዲህ ነው፦ እናቲቱ ወንዝ ውስጥ ትኖራለች፣ እጮቹን (ገና የተፈለፈሉትን ልጆቿን) ጅረቱ ወደ ባህር ይወስዳቸዋል፣ እዚያ አድገው ወደ ጨው አልባው ውሃ ይመለሳሉ። ቤት ውስጥ ለማሳደግ እጮቹን ወዲያው ለይቶ በአንድ ሊትር 30 ግራም ገደማ የባህር ጨው ያለው ውሃ ውስጥ ማስገባት፣ በዓይን የማይታይ አልጌ መመገብ፣ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ከመጀመሪያው ቢነግረኝ ኖሮ ምናልባት አውቄው እገዛ ነበር።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ እንቁላሉን እዩት። አንድ ሁለት ብላችሁ መቁጠር የምትችሉት ትልልቅ እንቁላል ከሆነ ልጆቹ ጨው በሌለው ውሃ ያድጋሉ። እንደ አሸዋ የደቀቀ፣ የማይቆጠር ከሆነ እንደ እኔዎቹ ነው። ሙሉ ስሙንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ከ12ቱ 10 ቀርተውኛል። አሁን ከፊቴ አንዷ እግሮቿን እያራገበች እንቁላሏን ታነፍሳለች፣ አዲስ የያዘችው ነው። አምስት ሳምንት አለኝ። ጨውና ባልዲ ነገ እገዛለሁ፣ ከሌላ ሱቅ።