ፒስተን ደጋግሞ ሲበላሽ፦ ጄት መቀየር ወይስ የአየር ሊክ መፈተሽ?

ያማሃ ባንሺ (ያቺ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ 347 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ) ማርሚታዋ ተቀይሮ የኤር ቦክሷ (የአየር ማጣሪያው ሳጥን) ክዳን ተነስቶ ፒስተን በፒስተን ላይ ስትጨርስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ካርቡሬተሩን ነው የሚፈታው። ልክ ነው፣ አየሩ ከበዛ ቤንዚኑም መብዛት አለበት፣ ሜይን ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ደግሞ ርካሽ ነው ቶሎም ይቀየራል። ግን የክራንክሻፍቱ ፓራኦሊ (የዘንጉ ጎማ ማሸጊያ) አየር የሚስብ ከሆነ ትልቅ ጄት ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም።

የሊክ ቴስት ማለት የሞተሩን መግቢያና መውጫ ደፍነህ አየር እስከ 6 ፒኤስአይ ግፊት ሞልተህ ጌጁን ማየት ነው፣ ከወረደ የሳሙና ውሃ እየቀባህ አረፋ የሚወጣበትን ትፈልጋለህ፣ የሲሊንደሩ ጓርኒሲዮን፣ ሪዱ (የመግቢያው ቫልቭ)፣ በማግኔቶ በኩል ያለው ፓራኦሊ... አሰልቺ ስራ ነው፣ ግን ግምት የለውም። ለእኔ ይሄ ይቀድማል፣ ሊክ ባለበት ሞተር ላይ ጄት ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

የወጣውን ፒስተንም አትጣሉት ባካችሁ። ሁሌ ያው አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ ሊክ ወይም የዛ ጎን ካርቡሬተር ጠርጥሩ፣ ሁለቱም እኩል ከሄዱ ጄት፣ ታይሚንግ (እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ)፣ የቤንዚኑ ኦክቴን። አራት ቦታ ላይ ከተፋቀ ደግሞ ክሊራንሱ (በፒስተኑና በሲሊንደሩ መሃል ያለው ክፍተት) ጠቧል ወይ ሳይሞቅ ተጋልቧል።