ባለ ባትሪ መጋዝ ለጓሮ ዛፍ፦ የትኛው ይሻላል?

ርካሽ ባለ ባትሪ መጋዝ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ጓሮ ውጡና ቅርንጫፎቹን በእጃችሁ ጨብጧቸው። ቀልዴን አይደለም። አውራ ጣት ያህላሉ? የእጅ አንጓ? ወይስ ጭን? ዕቃውን የሚመርጥላችሁ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከቮልቱ ነው፤ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ስለሚጻፍ።

እንግዲያው ቮልቱን ቶሎ እንገላገለው። 18 ቮልት እና 20 ቮልት ተብለው የሚሸጡት መጋዞች ባትሪ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ውስጥ ተከታትለው የተያያዙ 5 የሊቲየም ሴሎች አሉ። አንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ነው፣ በ5 ሲባዛ 18 ይመጣል። ቻርጅ ሞልቶ ገና ሲነቀል አንዱ 4.2 ስለሚደርስ ጠቅላላው ወደ 21 ይጠጋል፤ «20» ባዮቹ የሚቆጥሩት ያኔ ነው። ስም የለሾቹ ላይ ደግሞ 48፣ 88 ምናምን የሚል ታያላችሁ። እኔ አንዱ ባትሪ ሲሞትብኝ ፈታሁት (እናንተ እንዳትሞክሩት፣ ሊቲየም እሳት ያስነሳል)፣ ውስጡ ያው 5 ሴል ነው። የቀረው ቮልት ያለው ተለጣፊው ወረቀት ላይ ነው።

መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር ነው። ቮልቱን ባትሪው ላይ Ah ተብሎ በሚጻፈው አምፒር-ሰዓት አባዙት። ባለ 18 ቮልቱ 2 አምፒር-ሰዓት ከሆነ 36 ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ 4 ከሆነ 72። ቅርንጫፍ የሚቆርጥላችሁ ይሄ ነው።

የባትሪ መቀስን በአጭሩ ልለፈው። አብዛኞቹ የሚቆርጡት እስከ 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። ብዙ ወይን ወይም ጽጌረዳ ላለው፣ ወይም መቀስ ሲጨብጥ እጁን ለሚያመው ሰው አሪፍ ነው። ለሁለት ለሦስት ዛፍ ግን ትርፍ ወጪ ነው፤ ስትስቡት የሚቆርጥ ታጣፊ የእጅ መጋዝ ያንኑ ይሠራል። ደግሞ መቀሱ ጣትና ጭራሮ አይለይም፣ ሌላው እጃችሁ የት እንዳለ ሁሌ ዕወቁ።

ዋናው ፉክክር ያለው በትንሹ የሰንሰለት መጋዝና ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚመላለሰው ባለ ምላጭ መጋዝ መካከል ነው።

ትንሹ የሰንሰለት መጋዝ ፈጣን ነው። እጅ አንጓ የሚያህለውን ቅርንጫፍ በጥቂት ሰከንድ ይጥለዋል፣ ቁርጡም ንጹሕ ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት 4፣ 6 ወይም 8 ኢንች ርዝመት ይኖረዋል። ባለ 4 ኢንቹ 10 ሴንቲ ሜትር ነው ብላችሁ 10 ሴንቲ ሜትር እንጨት አትስጡት፣ እያቃሰተ ባትሪውን ይጨርሰዋል። እኔ 6 ኢንቹን እመርጣለሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከተገዛ በኋላ ነው። ርካሾቹ አብዛኞቹ ዘይት ራሳቸው አያጠጡም፤ በየመሀሉ ቆም ብሎ ሰንሰለቱ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው። አዲስ ሰንሰለት ደግሞ ትንሽ ሲሠራ ይለጠጣል። እኔ ይሄን ሳላውቅ በመጀመሪያው ቀን አራተኛው ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለቱ ወልቆ ተንጠለጠለ፣ ዕቃው ተበላሸ ብዬ ልመልሰው ሁሉ ነበር። ለካ ብሎኑን አላልቶ ሰንሰለቱን መወጠር፣ ከዚያ ብሎኑን መልሶ ማጥበቅ ብቻ ነው። ልኩ እንዲህ ነው፦ ባትሪውን ንቀሉ፣ ጓንት አድርጉ፣ ሰንሰለቱን ከብረቱ ሥር ስታዩት ተንጠልጥሎ መታየት የለበትም፣ በእጅ ስትገፉት ግን ሳይታገል መዞር አለበት።

ሌላው ነገር መራገጡ ነው። የብረቱ ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ እናንተ ይፈናጠራል። ትልልቆቹ ለዚህ የሰንሰለት ፍሬን አላቸው፣ ትንንሾቹ ብዙዎቹ የላቸውም። ቀላል ስለሆነ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ቅርንጫፉን መያዝ ያምራል፣ አደጋውም እዚያ ነው።

ተመላላሹ መጋዝ ዝግ ይላል። ቁርጡም ሻካራ ነው። መጀመሪያ ስትሞክሩት ትስቃላችሁ፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ስታስጠጉት እንጨቱ ከመጋዙ ጋር አብሮ ይጨፍራል እንጂ አይቆረጥም። መፍትሔው ምላጩ ሥር ያለውን የብረት መደገፊያ እንጨቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ መጫን ነው። ያኔ ጭፈራው ይቆማል። ምላጩም ለእርጥብ እንጨት የተሠራ ይሁን፤ በኢንች 5 ወይም 6 ጥርስ ያለው፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር የማያንስ። ከሳጥኑ ጋር በሚመጣው የብረት መቁረጫ ሞክረው «አይሠራም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። የምላጩ ምልልስ፣ ማለትም አንዴ ሲሄድ የሚጓዘው ርቀት፣ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 20 ከሆነ ለዛፍ ይሰንፋል።

ጥቅሙስ? ዘይት የለም፣ ማጥበቅ የለም፣ ሞረድ የለም። አፈር ወይም ሚስማር ከነካ የሞተው አንድ ምላጭ ነው፣ አውጥቶ ሌላ መክተት ነው። ዛፉ ሲያልቅ ደግሞ ምላጭ ቀይራችሁ ቧንቧና ጣውላ ትቆርጡበታላችሁ። ስለዚህ በዓመት አንዴ ሁለቴ ዛፍ ለሚመለምል ሰው እኔ የምመክረው ይሄንን ነው፣ ቢዘገይም። ዛፉ ብዙ ከሆነና የቅርንጫፉ ውፍረት ከ5 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ትንሹ የሰንሰለት መጋዝ ያዋጣል።

በሁለቱም ትልቅ ቅርንጫፍ ስትቆርጡ ከሥር ጀምሩ። ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ከታች ሲሶውን ቁረጡ፣ ከዚያ ከእሱ አለፍ ብላችሁ ከላይ ጣሉት፣ መጨረሻ የቀረውን ጉማጅ ግንዱ ጋ ካለው እብጠት ውጪ አስተካክሉ። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል።

ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ካለ ባለ ዘንጉ መጋዝ አለ። ክብደቱ ጫፉ ላይ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ትከሻ ይጨርሳል፣ ግን መሰላል ላይ ሰንሰለት መጋዝ ይዞ ከመውጣት ሺህ ጊዜ ይሻላል። ብቻ ከቅርንጫፉ ሥር አትቁሙ። ጭን የሚያክለውን ግንድ በተመለከተ፣ በትንሽ በጀት ባለ 36 ወይም 40 ቮልቱን ትልቅ የሰንሰለት መጋዝ ከመግዛት ባለሙያ ጠርቶ መገላገል ይቀላል።

ባለ ባትሪ ድሪል ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። የዚያው ኩባንያ መጋዝ ያለ ባትሪ ይሸጣል፣ ዋጋው በጣም ይወርዳል። ርዮቢ ለምሳሌ የ18 ቮልት ባትሪውን አገጣጠም ከ1996 ጀምሮ አልቀየረም። ስም የለሾቹ መጋዞች ብዙዎቹ የማኪታ ኩባንያን የባትሪ ቅርጽ ስለሚቀዱ የማኪታ ባትሪ ይገባባቸዋል፤ ባትሪው ሲያልቅ መጋዙ ራሱን በጊዜ ያጠፋል ወይ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰንሰለት ያለውን ከመረጣችሁ ከመክፈላችሁ በፊት መለዋወጫ ሰንሰለቱ ለብቻው እንደሚሸጥ አጣሩ። ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሰንሰለቱን ማያያዣ ሚስማሮች አማካይ ርቀት (pitch)፣ ብረቱ ውስጥ የሚገቡትን የመንጃ ጥርሶች ውፍረት (gauge)፣ የእነዚሁን ጥርሶች ብዛት። ከሦስቱ አንዱ ቢለይ አይገጥምም።