ዩሲ ብሮውዘር ወይስ ፋየርፎክስ? ፓኬጅም ፓስዎርድም ለሚያሳስባችሁ

ስታዲየም አካባቢ ካሉት የሞባይል ሱቆች ስልክ ስትገዙ ሻጩ ብዙ ጊዜ "አፕ ልጫንላችሁ?" ይላል። እሺ ካላችሁት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው ዜንደር የአፕ መዓት ያሳልፍላችኋል። ፕሌይስቶር ሳትገቡ፣ አንድ ሜጋ ሳታወጡ ስልኩ ይሞላል። ከመሃላቸው ድረ ገጽ መክፈቻው ዩሲ ብሮውዘር ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ሰው የሚወደውም በከንቱ አይደለም። ኔትወርክ ሲደክም ይከፍታል። ቪዲዮ በቀላሉ ያወርዳል። ፓኬጅ ይቆጥባል። ችግሩ ብዙ ሰው ኢሜይሉንና የባንክ አካውንቱንም በዚሁ መክፈቱ ነው። ስለዚህ ከፋየርፎክስ ጋር ጎን ለጎን ላስቀምጠው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው።

ዩሲ የቻይናው አሊባባ ንብረት ነው። በ2015 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከል ሲቲዝን ላብ መረመረው። ተጠቃሚው የሚፈልጋቸው ቃላት ሳይመሰጠሩ እንደሚላኩ አገኘ። በቻይንኛው ቅጂ ደግሞ የስልኩ መለያ ቁጥርና ያለበት ቦታ ጭምር በቀላሉ ሊነበብ በሚችል መልኩ ይወጣ ነበር። በ2019 የሩሲያው ጸረ ቫይረስ ኩባንያ ዶክተር ዌብ ሌላ ነገር ይፋ አደረገ። ብሮውዘሩ ተጨማሪ የፕሮግራም ክፍሎችን ከፕሌይስቶር ውጪ፣ ባልተመሰጠረ መስመር ማውረድ ይችል ነበር። እንግዲህ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ዋይፋይ ስትጠቀሙ፣ እዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ክፉ ሰው የሚወርደውን ቀይሮ የራሱን ሊያስገባባችሁ ይችል ነበር ማለት ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የከነከነኝ የ2021ዱ ነው። በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም ስልኩ ላይ የጎበኛችሁትን በማይመዘግበው ሞድ፣ የተከፈቱ ገጾች አድራሻ ሳይቀር ወደ ኩባንያው ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) እንደሚላክ አንድ የሳይበር ደህንነት ተመራማሪ አሳየ። ሰው ኢንኮግኒቶ የሚከፍተው አምኖ ነው። ስለ ሕመሙ ሊያነብ ይሆናል፣ ለቤተሰቡ ያልነገረውን ሊጠይቅ ይሆናል። ያንን እምነት መብላት ከተራ የቴክኒክ ስህተት ይለያል። ኩባንያው ከ2015ቱ ሪፖርት በኋላ የተወሰኑ ነገሮችን አስተካክሏል። ግን በዜንደር ከሰው ስልክ የመጣው ቅጂ የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንደነካካው በምን ይታወቃል?

ወደ ፋየርፎክስ ልምጣ። የሚሠራው ሞዚላ ነው፤ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት። ቅጂ 1.0 በ2004 ሲወጣ ገበያው በማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እጅ ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ባለሙያ ገብቶ ማየት ይችላል። በየአራት ሳምንቱ አዲስ ቅጂ ይወጣል። ከገጽ ገጽ የሚከታተሏችሁን ኩኪዎች (ድረ ገጾች ስልካችሁ ላይ የሚያስቀምጧቸውን ትንንሽ መለያዎች) ራሱ ይገድባል።

"ፓኬጄንስ?" ለምትሉ፣ ዋናው ጉዳይ ይኸውና። አንድ የዜና ገጽ ስትከፍቱ ጽሑፉ ራሱ የሚበላው ጥቂት ኪሎባይት ነው። የቀረውን የሚወስዱት ማስታወቂያዎች፣ ሳትነኩት የሚጀምር ቪዲዮና ጀርባ ላይ ሆነው የሚመዘግቧችሁ ኮዶች ናቸው። የአንድሮይዱ ፋየርፎክስ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን የማስታወቂያ ማገጃ ይቀበላል። ሦስቱን ነጥብ ንኩ፣ ኤክስቴንሽንስ የሚለው ውስጥ ግቡ፣ ዩብሎክ ኦሪጅንን ጨምሩ። በቃ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ኮተት ከመጀመሪያውም አይወርድም። ገጹ ቶሎ ይከፈታል። "ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል፣ እዚህ ይጫኑ" የሚሉት የውሸት ማስጠንቀቂያዎችም ይቀንሳሉ። ለእናትና ለአባት ስልክ ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ኦፔራ ሚኒም በቁጠባው ብዙ ወዳጅ አለው። ኤክስትሪም በሚባለው የቁጠባ ሞድ ግን ገጹ መጀመሪያ ኦፔራ ሰርቨር ላይ ተከፍቶ፣ ተጨምቆ ነው የሚመጣላችሁ። ማመልከቻ እንደሚጽፍላችሁ ሰው ነው፤ ታማኝ ቢሆንም ጉዳያችሁን ያውቀዋል። ኦፔራም ራሱ በዚህ ሞድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ፣ ማለትም ከእናንተና ከድረ ገጹ በቀር ማንም እንዳያነብ የሚያደርገው፣ እንደሌለ አይደብቅም። ለስፖርት ዜና ይሁን። ፓስዎርድ ለሚጻፍበት ገጽ አይሁን።

ክሮም ስልካችሁ ላይ ቀድሞውኑ አለ። ከጥቃት በመከላከል ረገድ ጠንካራ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ የደህንነት ማስተካከያ በየሳምንቱ ያወጣል። ስለ እናንተ ለጉግል የሚሰበስበው ግን ብዙ ነው፣ ስልክ ላይ ደግሞ ማገጃ አይቀበልም። ብሬቭ የሚባለው ብሮውዘር ክሮም ራሱ በተሠራበት ክፍት ኮድ፣ በክሮሚየም፣ ላይ የተሠራ ሲሆን ማገጃው አብሮት ይመጣል። በ2020 በአንዳንድ የክሪፕቶ ድረ ገጾች አድራሻ ላይ የራሱን የኮሚሽን ኮድ ሲጨምር ተይዞ ይቅርታ ጠይቋል። ቢሆንም ራሙ 2 ጊጋ ለሆነ ስልክ እኔ ብሬቭን እመርጣለሁ፤ ፋየርፎክስ እንዲህ ያለው ስልክ ላይ ይንቀራፈፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ፋየርፎክስ። ቪዲዮ እንደ ዩሲ እንደማያወርድላችሁ ግን ከወዲሁ እወቁት።

የኮምፒውተሩ ነገር ደግሞ አለ። አራት ኪሎና ፒያሳ ዲቪ የሚሞላባቸው ቤቶች አንዳንዶቹ አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ናቸው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ነው። ክሮምም እዚያ ላይ ቅጂ 109 ላይ ቆሟል፤ ከላይ "ዊንዶውስ 10 ያስፈልግዎታል" የሚል መስመር ያሳያል፣ ሁሉም ዘግቶት ያልፋል። ዳውንሎድ ፎልደሩን ብትከፍቱ የማታውቁት ሰው ፓስፖርት ስካን ልታገኙ ትችላላችሁ። የእናንተም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ስትጨርሱ ፋይላችሁን አጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ። ብሮውዘሩ "ፓስዎርዱን ላስቀምጠው?" ሲል እምቢ በሉ። የቤቱ ባለቤት ከሆናችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ዊንዶውሱን ቀይሩ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን የሚጠቀም ካለማ ዛሬውኑ ይተወው፤ ማይክሮሶፍት ራሱ በሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጡረታ አውጥቶታል።

ዩሲን ከስልካችሁ ለማውጣት ስትነሱ በጥድፊያ አታጥፉት። መጀመሪያ ያወረዳችሁትን ቪዲዮና ፋይል ወደ ጋለሪ ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ አዛውሩ። አዲሱን ብሮውዘር ከፕሌይስቶር በዋይፋይ አውርዱ፤ ከሰው ስልክ በዜንደር አትቀበሉ። ከዚያ በአዲሱ ገብታችሁ የኢሜይላችሁን ፓስዎርድ ቀይሩና "ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ውጣ" የሚለውን ንኩ። ባንኩንና ፌስቡኩንም እንደዚሁ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዩሲን አራግፉት።