የኤኤ ስብሰባ ከዳር ሰፈር ለሚነሳ ሰው፦ ሰዓቱ፣ መንገዱና ስልኩ

አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ ወይም ካራ የሚኖር ሰው መጠጥ ለማቆም ስብሰባ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቅርቡን ነው። በእኛ ግምት ግን ከርቀቱ በፊት ሰዓቱ ይታይ። ከሥራ መልስ ታክሲ ተራ ከወረዱ በኋላ ቤት እስኪደረስ ስንት ግሮሰሪና ድራፍት ቤት እንደሚታለፍ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ከ12 እስከ 2 ሰዓት ያለውን ምሽት የሚይዝ ስብሰባ፣ ቢርቅም፣ እሑድ ረፋድ ላይ ደጅ ካለው ይበልጣል።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ኤኤ) በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረ የጠጪዎች መረዳጃ ነው። ምዝገባም ክፍያም የለውም፤ የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። በስብሰባው ላይ የሚዞረው መዋጮ ለቤት ኪራይና ለሻይ ቡና ይውላል፣ አዲስ ሰው እንዲከት አይጠበቅም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ተቋም) የጥናቶች ግምገማ፣ ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በመራቅ ረገድ ይህ መንገድ ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

አንድ ነገር ግን ስብሰባ አይተካውም። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ፣ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳትና መቃዠት የሚያስከትለው ከባዱ የማቆም ሕመም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ይነሳል፣ ካልታከመም ይገድላል። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ አማኑኤል ያለ ሆስፒታል ሄዶ ስንት እንደሚጠጣ ሳይደብቅ ይንገር። ካቲካላ ከሆነ ካቲካላ ይበል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመጥነው በዚያ ነው።

በአካል ለመሄድ ከመነሳት በፊት በኤኤ የስብሰባ ዝርዝር ላይ ወዳለው ስልክ ይደውሉ፤ ቡድኖች ቦታና ቀን ይቀይራሉ። ቋንቋውንም፣ ስብሰባው ክፍት ወይም ዝግ መሆኑንም ይጠይቁ። ክፍቱ ላይ ሚስት፣ ወንድም ወይም ጓደኛ አብሮ መግባት ይችላል፤ ዝጉ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ማታ ወደ መሃል ከተማ መግባቱ አይከብድም፣ ችግሩ መመለሱ ነው። ስለዚህ ሥራው መሃል ከተማ የሆነ ሰው ቤቱ ደርሶ ከመመለስ እዚያው ቢቆይ ይሻለዋል፤ የመመለሻውን ታክሲ ወይም የራይድ ሒሳብም ቀድሞ ይያዝ። ታክሲ እንዳያመልጠው እየሮጠ የሚወጣ ሰው ትልቁን ነገር ያጣል፦ ስልክ ቁጥር የሚለዋወጡት ስብሰባው ሲያልቅ፣ ቆመው ሲያወሩ ነው።

አንድ ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የመክፈቻ ንባብ አለ፣ ሰው ራሱን በስሙ ብቻ ያስተዋውቃል፣ የአባት ስም አይጠየቅም። መናገር የማይፈልግ «ዛሬ ልስማ» ካለ ይበቃል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ምክርም አይሰጥም። ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ መገሠጽ ለለመደ ሰው ይህ መጀመሪያ ግራ ይላል፣ በኋላ ግን ደጋግሞ የሚያመጣው እሱ ነው። አንዱን ስብሰባ አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ቡድን ከቡድን በጣም ይለያያል።

በአካል ስብሰባ የሌለባቸውን ቀኖች ስልክ ይይዛቸዋል። የኦንላይን ኢንተርግሩፕ (የኤኤን የኢንተርኔት ስብሰባዎች የሚያስተባብር አካል) ዝርዝር ውስጥ በዙም የሚካሄዱ ስብሰባዎች ሌት ተቀን አሉ፣ ለሴቶች ብቻ የሆኑም ጭምር። ብዙ ሰው የሚስተው ሰዓቱን ነው። በግሪንዊች ሰዓት ከተጻፈው 3 ሲቀነስ የእኛ አቆጣጠር ይወጣል፦ 15 ሰዓት የተባለው የእኛ ምሽት 12 ነው፣ 16 የተባለው ደግሞ የማታ 1 ሰዓት። የለንደን ስብሰባዎች በመጋቢትና በጥቅምት ወር መጨረሻ (በእነሱ አቆጣጠር) አንድ ሰዓት ይዛወራሉ፤ የናይሮቢ ሰዓት ከእኛ እኩል ስለሆነ አይናወጥም። ካሜራ ይጥፋ፤ ቪዲዮ በሰዓት ግማሽ ጊጋና ከዚያ በላይ ይበላል፣ ድምፅ ብቻ ግን በጥቂት አሥር ሜጋ ያልፋል። ዙም ላይ የሚታየውን ሙሉ ስም ወደ መጠሪያ ስም ብቻ መቀየር አይረሳ። ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋልና ጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ስልክ ብቻውን ይበቃል አንልም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ሌላ ነው።

የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሳይጠጡ ቆይተው ለፋሲካ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የበዓሉን ማታ ስብሰባ ከሳምንት በፊት መርጦ መያዝ ያስፈልጋል። በብዙ ሌላ አገር አብዛኛውን ዓመት ተራ ቀን ስለሚሆን ኦንላይኑ ብዙውን ጊዜ አይቋረጥም። ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀዳ ብርዝ የሚጠይቅ ሰው፣ ብርዙ ዛሬ የተበጠበጠ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ከቆየ ይፈላል።

ስፖንሰር የሚባለው አሥራ ሁለቱን የኤኤ የማገገሚያ እርምጃዎች አብሮ የሚሠራ የቆየ አባል ነው። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ቢሆን ይመከራል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይጠጣ የቆየ ይመረጥ። ጠበል የሚጠመቅ፣ መስጊድ የሚሰግድ ወይም ቸርች የሚሄድ ሰው እምነቱን አይተውም። አምስተኛው እርምጃ ጥፋትን ለእግዚአብሔር፣ ለራስና ለሌላ ሰው መናገርን ይጠይቃል። ያ ሌላ ሰው ስፖንሰሩ ሊሆን ይችላል፣ ንስሐ አባትም ሊሆን ይችላል።