ካርናውባ፣ ፖሊመር ወይስ ሴራሚክ? ለፋይበርግላስ ጀልባ የሚበጀውን መምረጥ

የጀልባ ሰምና መከላከያ በሚሸጥበት ቆርቆሮ ሁሉ ላይ «እንደ መስታወት ያበራል» ተብሎ ተጽፏል። ሁሉም ከፀሐይ ይከላከላል። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የቱን ልግዛ ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ቆርቆሮውን መደርደሪያው ላይ መልሶ መጀመሪያ ጀልባውን እንዲያይ ነው።

ፋይበርግላስ ጀልባ ላይ የሚያብረቀርቀው የውጭ ሽፋን ጄልኮት ይባላል። ጀልባው የተሠራበትን የመስታወት ክር የሚሸፍን ባለቀለም ሬዚን፣ ማለትም የጠጠረ ሙጫ መሰል ነገር ነው፤ ውፍረቱም ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ሲደጋገምበት ላዩ ይሻክራል፣ ይደበዝዛል፣ ሲብስበት ደግሞ ጠመኔ የመሰለ ዱቄት ያወጣል። ጥቁር ጨርቅ ያዙና ጎኑን ጫን እያላችሁ እሹት። ጨርቁ ላይ ነጭ ነገር ከቀረ ሰም ብቻውን አያድነውም። መጀመሪያ ኮምፓውንድ (ላዩን የሚፍቅ ሻካራ ማሻሻ)፣ ቀጥሎ ፖሊሽ (ከእሱ የለሰለሰ ማሻሻ)፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰም የሚመጣው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ጎኑ ግን ትንሽ ደብዘዝ ካለ ፖሊሽ ይበቃዋል። ገና የሚያበራ ከሆነ ታድላችኋል፤ አጥባችሁ በቀጥታ ቀቡት።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ። ኮምፓውንድ የሚያበራው ጄልኮቱን በስሱ እየፋቀ ነው። በየዓመቱ ኮምፓውንድ የሚመታ ጀልባ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። ጥሩ መከላከያ የምንገዛው ለማማር ብቻ ሳይሆን ፍቀቱን ለማራቅ ጭምር ነው።

እጥበቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ለዘወትር እጥበት ለጀልባ የተሠራ ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቅባት ስለሚያነሳ ሰሙንም አብሮ ያነሳል። ስለዚህ አሮጌ ሰም ማስለቀቅ ሲፈለግ ይጠቅማል፣ በሌላ ጊዜ ግን ይቅር። ውሃው በሚደርስበት መስመር ላይ ለሚቀረው ቢጫና ቡናማ እድፍ ደግሞ ሳሙና አቅም የለውም። እዚያ ሁለት ዓይነት ማጽጃ ይሸጣል፦ ኦክሳሊክ አሲድ ያለበትና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት። ሁለተኛው ቶሎ ይሠራል፣ ነገር ግን ብረትንና ጀልባው የሚጫንበትን ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ተጎታች ይበላል፤ ጭሱም አይቻልም። እኔ ኦክሳሊኩን እመርጣለሁ። ቀባ ማድረግ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ነው፤ እድፉ ሳይፈተግ ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። ለሁለቱም ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ከበረኪና ጋር ደግሞ በምንም ዓይነት አይደባለቁ፤ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ካርናውባ ከብራዚል የዘንባባ ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ሰም ነው። በተፈጥሮው ድንጋይ ስለሆነ በማሟሟያና በዘይት ካልላላ አይቀባም። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ «100% ካርናውባ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ውስጡ ያለው ሁሉ ካርናውባ ነው ማለት አይደለም። የተጨመረው ካርናውባ ንጹሕ ነው ለማለት ነው። መልኩ ግን ያምራል። ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቀይ ጀልባ ላይ ቀለሙን ያጠልቀዋል። ችግሩ ዕድሜው ነው፤ ኃይለኛ ፀሐይና ጨዋማ ውሃ ላይ ከአንድ ሁለት ወር ብዙም አይዘልም። ነጭ ጀልባ ላይ ደግሞ ያ ጥልቀት እምብዛም አይታይም። ነጭ ጀልባ ያለው ሰው ለማይታይ ውበት ለምን ይከፍላል?

ፖሊመር፣ ማለትም ሰው ሠራሹ መከላከያ፣ እንደ ካርናውባ ሞቅ ያለ መልክ ባይኖረውም ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። በቀላሉ ይቀባል፣ በቀላሉ ይጠረጋል። ለብዙ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ሁለት ስስ ንብርብር ቀቡ፤ አንድ ወፍራም ንብርብር ማድረግ ዕቃ ማባከን ነው፣ ለመጥረግም ያስቸግራል።

ሴራሚክ ሲባል አሁን አሁን ሁሉም ሰው ጆሮውን ያቆማል። በሲሊከን ዳይኦክሳይድ ላይ የተመሠረተ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። በአግባቡ የተሠራው ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ግን ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይቆልፋል። ጭረት ካለ ጭረቱን፣ ደብዛዛ ቦታ ካለ ደብዛዛውን ይዞት ይቀመጣል። ከተቀባ በኋላ ሳይደርቅ የሚጠረግበት ጊዜ አጭር ነው፤ ካመለጣችሁ ሳይጠረግ የደረቀውን ጉብታ የሚያነሳው ፍቀት ብቻ ነው። የሴራሚክ ዋጋው ጠርሙሱ ላይ ሳይሆን ዝግጅቱ ላይ ነው ያለው። ጀልባው አዲስ ከሆነ ወይም ባለሙያ የሚያዘጋጅላችሁ ከሆነ ያዋጣል። በአንድ ቅዳሜ ብቻዬን እጨርሳለሁ ለሚል ግን አይሆንም። «ሴራሚክ ስፕሬይ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ረጨት ረጨት አድርጎ መጥረግ ነው፣ የሚቆየውም ወራት ነው። መጥፎ አይደለም፤ ስሙ ግን ከሥራው ይበልጣል።

ፒቲኤፍኢ ወይም ቴፍሎን አለበት ብለው የሚያስወድዱ ሰሞችም አሉ። ፒቲኤፍኢ የሚቀልጠው 327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። መጥበሻ ላይ የሚጣበቀው በእሳት ተጋግሮ ነው። ጀልባ ላይ በጨርቅ ተሽቶ እንዴት ያንን ሥራ እንደሚሠራ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለዚህ ቃል ተጨማሪ ገንዘብ አልከፍልም።

አጽድቶ የሚቀባ፣ ሁለት በአንድ የሆነው ሰም፣ በመጠኑ ለደበዘዘ ጀልባ ጊዜ ይቆጥባል። ዱቄት ለሚያወጣ ጀልባ ግን አቅሙ አይደርስም።

ገንዘቡ ውስን ከሆነ ሰሙን መካከለኛ ግዙና የቀረውን ማሽን ላይ አውሉት። ስድስት ሰባት ሜትር የሚሆን ጀልባ በእጅ መወልወል ክንድ ይገድላል፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው ጎን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጎን የደበዘዘ ነው። ማሽን ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከር ሮታሪ ነው። ኮምፓውንድን በፍጥነት ይሠራል፣ ግን ይሞቃል። ጠርዝ ላይ ትንሽ ከቆየ ጄልኮቱን ያቃጥላል፣ ክብ ክብ የሆነ ጭረትም ይተዋል። ሁለተኛው እየተሽከረከረ የሚወዛወዝ ባለሁለት እንቅስቃሴው ነው። ዘገም ይላል፣ ጀማሪ እጅ ላይ ግን አያሳፍርም። መጀመሪያ ለሚገዛ ሰው ሁለተኛው ነው። ማሽኑ ጫፍ ላይ ከሚገጠሙት ፓዶች ለኮምፓውንድ የሱፉን፣ ለፖሊሽና ለሰም ስፖንጁን አድርጉለት።

ስትሠሩ ጥላ ፈልጉ። መዳፋችሁን ጎኑ ላይ አድርጉ፤ ካቃጠላችሁ ጠብቁ፤ የጋለ ጄልኮት ላይ ሰም ቶሎ ይደርቅና አልጠረግ ይላል። በአንድ ጊዜ 60 በ60 ሴንቲሜትር ያህል ቦታ ብቻ ያዙ። የሚረገጠውን ወለል ሰም አትቀቡት፤ እርጥብ ሲሆን ሰው ይጥላል። ከውሃው መስመር በታች ዋቅላሚና ዛጎል ለበስ ፍጥረት እንዳይጣበቅ የተቀባው ቀለም ላይም ሰም አይወጣም፤ ቀለሙ ሥራውን የሚሠራው ውሃው ሲነካው ነው።