በ«አዶለሰንት» የተፈተነ የስልክ መዝገበ ቃላት

ላለፉት አምስት ወራት የተጠቀምኩበት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት መተግበሪያ በነፃ የሚጫን፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና የቃላትን አነባበብ በድምፅ የሚያሰማ በመሆኑ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ታድጎኛል። ድክመቱን ያየሁት ለአንድ ጤና ጣቢያ በራሪ ጽሑፍ ስተረጉም «አዶለሰንት» (adolescent) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በፈለግሁበት ቀን ነው።

የተሰጠኝ ፍቺ «ጎረምሳ፣ ወጣት» የሚል ብቻ ነበር። ጊዜ ስላጠረኝ የመጀመሪያውን ወስጄ «ጎረምሶች ለምክር ሲመጡ» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን የተቀበለችው ነርስ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳትደርስ ቀና ብላ «እህቴ፣ ሴቶቹን የት ጣልሻቸው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እንግሊዝኛው ቃል ወንዱንም ሴቷንም ያጠቃልላል፤ እኛ ግን «ጎረምሳ» የምንለው ወንዱን ነው፤ ሴቷ «ኮረዳ» ናት። «ጉርምስና» ሲባል ሁለቱንም ሊያካትት መቻሉ ያሳስት ይሆናል፤ ያም ሆኖ ስለ ወር አበባ በሚያስረዳ ጽሑፍ «ጎረምሶች» ማለት ይቅር የማይባል ስህተት ነው።

«ወጣት»ም ቢሆን አይተካውም። «አዶለሰንት» «ማደግ» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን ከልጅነት ወደ አዋቂነት መሻገሪያውን ዕድሜ ይገልጻል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ብሎ ይወስነዋል። «ዩዝ» (youth) የሚለው ሌላው የእንግሊዝኛ ቃል ግን በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ አጠቃቀም ከ15 እስከ 24፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ ከ15 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ይመለከታል። «ቲንኤጀር» (teenager) ስሙን ያገኘው «ቲን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቁጥሮች መድረሻ ስለሆነ ከ13 ይጀምርና 19 ላይ ያበቃል። ስለዚህ የ11 ዓመት ልጅ አዶለሰንት ናት፤ ቲንኤጀር ግን አይደለችም። መተግበሪያው ለሦስቱም «ወጣት» ብሎ ያልፋል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ አንድም ምሳሌ ዓረፍተ ነገር አለመኖሩ ነው። የአንድን ትልቅ ሰው ጠባይ «አዶለሰንት» ማለት አልበሰለም ብሎ መንቀፍ እንደሆነ ተማሪው ከየት ያውቃል?

ለፊደል አጻጻፍና ለአነባበብ መተግበሪያውን ለተማሪዎች እመክራለሁ። ለትርጉም ሥራ ግን አይሆንም። በራሪ ጽሑፉ በመጨረሻ የታተመው የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው በሚጠቀሙበት «አፍላ ወጣቶች» በሚለው ቃል ነው፤ ይህ ቃል መተግበሪያው ውስጥ የለም።