አሻንጉሊቶቹ አሪፍ ናቸው፣ ክፍሉ ግን ያናድዳል

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለፈቃድ እድሳት የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና) ነጥብ ጎድሎብኝ ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ማሰልጠኛ ሁለት ቀን ገባሁ። ስሙን አልጠራም። አሰልጣኞቹ አንደኛ ናቸው፣ እነሱን አንዳች አልላቸውም። ነገሬ ከስኪል ላቡ፣ ከመለማመጃ ክፍሉ ጋር ነው።

ሲፒአር (ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን እየተጫኑ የሚሰጥ እርዳታ) የምንለማመድባቸው አሻንጉሊቶች ረጅም የላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ55 ነው፣ እና ጠረጴዛው ደረቴ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሲፒአር የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ክንድ ሳይታጠፍ፣ ትከሻ ከታካሚው ደረት በላይ ሆኖ፣ በሰውነት ክብደት ነው የሚጫነው፣ የአዋቂ ደረት ደግሞ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር መውረድ አለበት፣ ያውም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። እኔ ከታች ወደ ላይ ተንጠራርቼ ምኑን ልጫነው? ልክ ሲጫን ቀጭ የምትል ድምፅ አለች አይደል፣ አንድም ጊዜ አልሰማኋትም። ጎበዝ፣ መሬት ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ስንት ብር ይፈጃል? በሁለተኛው ቀን ከአንዲት ጤና መኮንን ጋር ሆነን አሻንጉሊቷን መሬት አወረድናት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ «ኧረ ልጅቷን ብርድ ይመታታል!» ብላ አሳቀችን።

የእጅ መታጠቢያ አለ፣ ውሃ የለውም። «ታጥቤያለሁ ብላችሁ እለፉ» ተባልን። እንዲህ የተለማመደ ተማሪ ዋርድ ገብቶ ቧንቧውን ሳያይ ቢያልፍ ምን ይገርማል?

የአራስ ሕፃናቱን ጥግ ሳላነሳ ባልፍ ግን ግፍ ነው። ማን እንዳሰበው እንጃ፣ ልክ እንደ ማዋለጃ ክፍል ነው ያዘጋጁት፦ ማሞቂያ ያለው ጠረጴዛ፣ ደረቅ ፎጣ፣ መምጠጫ፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ከነማስኩ፣ ሁሉም ሳይራመዱ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ፊት ለፊት ሴኮንድ የሚቆጥር ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። አልተነፍስም ያለ ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በባግ አየር ማግኘት አለበት፣ ወርቃማዋ ደቂቃ የምንላት ማለት ነው፣ እና ያንን ሰዓት እያዩ መሥራት ላብ ያስጠምቃል። አሻንጉሊቷ ኒዮናታሊ ናት። ለብ ያለ ውሃ ሲሞሏት ክብደቷም አንገቷም የእውነት አራስ ነው፣ አሰልጣኙ ከእሷ ጋር የተያያዘችውን ኳስ ጨበጥ ሲያደርግ ደግሞ እትብቷ ይመታል። የሠራት የኖርዌዩ ላርዳል ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያዋን የሲፒአር አሻንጉሊት ሳያወጣ በፊት የልጆች መጫወቻ ይሠራ ነበር። ሞያው ያስታውቃል።

ሌላው ያበሳጨኝ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ውይይቱ እዚያው አልጋው አጠገብ ነው፣ ተራ የሚጠብቀው ቡድን ቆሞ እየሰማ። አንድ ልጅ መድኃኒት ተሳሳተና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ታረመ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ቃል አልወጣውም። ማዶ ያለው ክፍል እኮ ባዶ ነው! የተሰበረ ወንበር ታጭቆበታል እንጂ። አሥር ወንበር ክብ አድርጎ እዚያ መወያየት ይቻል ነበር።

ብቻዬን ልለማመድ ብትሉም አይሆንም፣ 11 ሰዓት ላይ ይቆለፋል።

ለአራስ ስልጠና ከሆነ ሳታመነቱ ሂዱ። ለሲፒአር ግን ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉና አሻንጉሊቷ የት እንደምትተኛ ጠይቁ።